ቃል ለቃሚዋ አስቴር ጋኖ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስታነቡ መቈየታችሁ የታወቀ ነው። ነገሥታቱን፣ የጦር አበጋዞቹንና ደራስያኑን ካነበባችሁ በኋላ፣ በዚህ እትም ከቦሬ፣ ከክብረ መንግሥትና ከነገሌ መጥተን በአንድ የጥናት ክበብ የተገናኘን ጥቂት ተማሪዎች፣ እኅቶችም ወንድሞችም፣ ተማክረን የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሴቲቱ የመንደራችን ልጅ አይደለችም፤ ቦሬንም ስለ መርገጧ የተጻፈ ነገር የለም። ታዲያ ለምን እርሷን መረጣችሁ የሚለን ቢኖር መልሱ ጥቂት ዞር ያደርገናልና ይታገሠን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንናገራለን።

ቦሬ ማለት ከሐዋሳ ተነሥቶ በሲዳማ ደጋ፣ በሐገረ ሰላም በኩል ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ የጉጂን ምድር ሲረግጥ የሚያገኛት ከተማ ናት። ብርዷና ጉሟ የታወቀ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ክብረ መንግሥት፣ ከክብረ መንግሥትም ወደ ነገሌ ቈላ ይወርዳል፤ ከቦሬ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ነገሌ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ አንጠልጥሎ ግመል ይመለከታል። በገበያ ቀን አንዲት ጨው ቸርቻሪ ሴት በአንድ ጥዋት በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በሲዳምኛ ትስቃለች፣ በአማርኛ ሒሳብ ትቈጥራለች። ሦስት ቋንቋ ዐውቃለሁ ብላ ግን አትመካም፤ ማንም እንደ ዕውቀት አልቈጠረላትምና።

ከክበባችን አንዷ እኅት ከልጅነቷ ጀምሮ የአያቷ አስተርጓሚ ነበረች። በጤና ጣቢያም ሆነ በፍርድ ቤት የአያቷን ቃል ወደ ሐኪሙና ወደ ዳኛው፣ የእነርሱን ቃል ወደ አያቷ ስታመላልስ አደገች። የራሷን ቃል የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ የተገነዘበችው ግን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው ትላለች። እዚህስ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀርብልን ጥያቄ የማን ወገን ናችሁ የሚለው አይደለምን? በድንበር ላይ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይሆንም።

ስለዚህ ነገር ስንወያይ አንድ ወንድማችን የግሎሪያ አንዛልዱዋን መጽሐፍ አመጣልን። ሴቲቱ በ1942 በቴክሳስ፣ በሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ተወልዳ በ2004 ያረፈች ናት። በ1981 ከቼሪ ሞራጋ ጋር የጥቁርና የሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶችን ጽሑፎች ሰብስባ አሳተመች፤ በ1987 ደግሞ ስለ ድንበር ምድር የጻፈችውን፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የተቀላቀለበትን መጽሐፍ አወጣች። ዋና ሐሳቧ በእኛ አነጋገር ሲገለጥ፣ ድንበር በመሬት ላይ የተሰመረ ብቻ ሳይሆን በሰው ውስጥም የሚያልፍ ነው፤ በድንበሩ ላይ የቆመችውን ሴት ደግሞ ባዕዱም የገዛ ወገኗም ይጫኗታል፤ ያም ሆኖ ከሁለቱም ወገን የማይታየውን ከዚያ ሆና ታያለች የሚል ነው። መጽሐፉን ተቀባብለን ካነበብን በኋላ ይህን በሕይወቷ ያሳለፈች የአገራችን ሴት የለችምን ብለን ጠየቅን።

መጀመሪያ በአሳባችን የመጣችው አኮ መኖዬ ነበረች። በጉጂና በቦረና ያደገ ሰው ተረቷን ያውቃል። በጥንት ዘመን ሕዝቡን የገዛች ሴት ነበረች ይባላል። ወንዶቹን የማይቻል ነገር ታዛቸው ነበር፤ ከውስጥም ከውጭም ጠጕር ያለው ጫማ ትጠይቃለች፣ በሰማይና በምድር መካከል ቤት እንዲሠራላት ትሻለች። በመጨረሻ ወንዶቹ ጕድጓድ ቈፍረው፣ አፉን በቈዳ ሸፍነው፣ በክብር አስቀምጠው ጣሏት፤ ከዚያ ወዲህ ሥልጣን የወንድ ሆነ ብሎ ተረቱ ያበቃል። እኛ ግን አንድ ነገር ታዘብን። ተረቱን ያወረሱን ጕድጓዱን የቈፈሩት ወገኖች ናቸው። አኮ መኖዬ በራሷ አፍ የተናገረችው አንዳች ነገር አልደረሰንም።

እርግጥ በጉጂ ሴት ከነጭራሹ ድምፅ የላትም ማለት ሐሰት ነው። ሲንቄ አለ። ሙሽራ ስትዳር የምትቀበለው ያ ቀጭን በትር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠበኛው እጁን ይሰበስባል። ነገር ግን ሲንቄ በትዳር የሚገኝ ነው፤ ከእናት ቤት በወግ ለምትወጣ ሴት ነው። ከእናቷ ቤት በወግ ሳይሆን በግፍ የወጣችውስ ምን ትይዛለች? ይህን ስንጠይቅ ነው ከጉጂ ምድር ወጥተን፣ ወደ ምዕራብ ወደ ጊቤ ተሻግረን፣ አስቴር ጋኖን ያገኘናት።

ጋኖ የተባለችው ልጅ የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። አስቴር የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ከጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። አገሩ ለም፣ ንግዱም የደራ ነበር። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጎጃም በኩል ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር፤ ከዚሁ ጭነት ጋር የሰው ልጅም ይነዳ ነበር። ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ ሳለች ባሪያ ያደረጋት የሊሙ እናርያ ንጉሥ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር በክበባችን ስናነብ አንዳንዶቻችን ቶሎ ልናልፈው ፈልገን ነበር። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ያደረገው ደጋግመን እንጽፈው ነበርና! ነገር ግን ልጅቱን ለገበያ የዳረጋት በቋንቋዋ የሚናገር፣ በአገሯ የነገሠ ሰው ነው። የገዛ ወገን ጭነት የምንለው ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ ባሕር ደረሰች። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ከሚወስዳት ጀልባ ላይ ሳለች የኢጣልያ መርከቦች ጀልባይቱን አስቁመው ነጻ አወጧት፤ ዕድሜዋም ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ነበር። ኢጣልያኖች ምጽዋን የያዙት ገና በ1885 ነው፤ ወደ ባሕሩ የመጡትም ቅኝ ግዛት ሊያቀኑ እንጂ ባሮችን ሊያስፈቱ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ አገሯ የሸጣትን ልጅ አገሯን ሊወር የመጣው ባዕድ ነጻ አወጣት። በዚህ ነገር ማንን እናመስግን? እኛ አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረን አልተስማማንም።

ኢጣልያኖቹ ልጅቱን ከምጽዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጧት። ስዊድኖቹ ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ሲሆን የልባቸው አሳብ ከመጀመሪያውም ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ነበር። መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው በዚያ በሚያቃጥለው የባሕር ዳር ቈላ ተቀምጠው ከባርነት የወጡ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። የኦሮሞን አገር ለማየት ያልቻሉ ሰዎች የኦሮሞ ልጆች ወደ እነርሱ መጡላቸው ማለት ነው፤ በምን ዓይነት መንገድ እንደ መጡ ግን ከላይ ተናግረናል።

በእምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበሩ። እርሳቸውም ሒካ ተብለው በኢሉባቦር በ1856 ገደማ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተሠርቀው፣ በ1870 በምጽዋ በስዊሳዊው በቬርነር ሙንዚንገር አማካይነት ነጻ የወጡ ናቸው። በ1872 ተጠመቁ፤ ከዚያም በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም የቈረጡ፣ ትጋታቸው የሚያስደንቅ ሰው ነበሩ። ችግራቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም ኦሮምኛው ራሱ ነው። በልጅነቱ ከቤቱ የተወሰደ ሰው እናቱን መጥራትና ውኃ መለመን ይችል ይሆናል እንጂ የሽማግሌ ሙግት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ ከየት ያመጣል? ኦኔሲሞስ ይህ ጕድለታቸው ተሰምቷቸው ነበር፤ ይህንንም አለመደበቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ጋኖን ባገኙ ጊዜ ብሩህ አእምሮ ያላት፣ ለቋንቋው ልዩ ስሜት ያላት መሆኗን ወዲያው ተረዱ። እርሷ ከቤቷ የወጣችው ካደገች በኋላ ነውና ቋንቋዋን ይዛ ወጥታለች። ነጋዴዎቹ ሁሉን ሲወስዱባት ያልወሰዱባት ነገር ይህ ነበር።

እንግዲህ እስካሁን ልጅ ነበረችና በልጅ ወግ ጻፍን። ከዚህ በኋላ ግን የሥራ ባለቤት ናቸውና አንቱታው ይገባቸዋል።

ለአስቴር የተሰጣቸው ሥራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነበር። ይህን በቀላሉ አንለፈው። እኛ ዛሬ መዝገበ ቃላት ስንል ከመደርደሪያ የምናወርደውን መጽሐፍ እናስባለን። በእምኩሉ የነበረው መደርደሪያ ግን ሰው ነበር። ከልዩ ልዩ የኦሮሞ አገሮች ተሸጠው የመጡ፣ ከእነ ሊድያ ዲምቦና ከእነ ፌቤን ሒርጴ ጋር፣ በአንድ ግቢ ተሰብስበዋል። አንዷ በአገሯ እንዲህ ይባላል ትላለች፤ ሌላዋ የለም እንዲህ ነው ትላለች። ቃሉ የየት አገር እንደ ሆነ መለየት፣ የሚቀራረበውን ማቀራረብ፣ የሚበልጠውን መምረጥ የመዝገብ አዘጋጇ ድርሻ ነው። ሁላቸውም በአንድ አገር ሳይኖሩ አንድ ቋንቋ ይጋሩ የነበሩት በዚያች የባሕር ዳር ግቢ ነው። ያንዛልዱዋን አሳብ በዓይናችን ያየነው እዚህ ላይ ነው፤ በሊሙ የቀረች ሴት የሊሙን ቃል ብቻ ታውቅ ነበር፤ አስቴር ግን ተነቅለው በመውጣታቸው የብዙ አገር ቃል ሰሙ። ይህን ስንል ግን ባርነት በጎ አደረገላቸው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ከእኛ ጋር አይጠጋ።

ፊደሉም ራሱን የቻለ ድካም ነበረው። ጽሑፉ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ኦሮምኛ ደግሞ በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለው፤ ለዚህም በደ ላይ ምልክት ተጨምሮ ዸ የሚባለው ፊደል አገልግሏል። መጥበቅና መላላትን ግን የግዕዝ ፊደል አያሳይም። በአማርኛ አለ ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ኖረ አንባቢው በልማድ ይለየዋል። በኦሮምኛም ባዳ ቢባል ሲላላ ክፉ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። እኛ የቦሬ ደገኞች በዚህ ቃል ብዙ ሳቅን፤ ፊደሉ ካልረዳን አገራችን ደጋ መሆኗ ቀርቶ ክፉ ልትባል ነው! አስቴርና ጓደኞቻቸው እንዲህ ባለው ፊደል ነው ገና ብዙ ያልተጻፈበትን ቋንቋ ወደ ወረቀት ያወረዱት።

መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የጠቀመው በ1893 በእምኩሉ ለታተመው ለኦሮምኛው አዲስ ኪዳን ማቃኛ ነው። አስቴር ከዚህ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍ ተርጕመዋል፤ በመዝሙር መጽሐፉም ዝግጅት ከኦኔሲሞስ ጋር ሠርተዋል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥብን አምስት መቶ የሚሆኑ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና እንቈቅልሾችን በጽሑፍ ማስፈራቸው ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በዚያው በእምኩሉ በታተመው፣ ጀልቀበ በርሲሳ በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሳይታተም የቀረው ደግሞ ብዙ ነው።

አስተውሉ! ስብከት በሚሰማበት፣ ጸሎት በሚደረስበት የሚሲዮን ግቢ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ የእረኛ ዘፈንና የምድጃ ዳር ተረት ትጽፋለች። የትርጕም ሥራውን ያዘዙት ሌሎች ናቸው፤ ዘፈኑን ግን ከእናቶች አፍ የሰማችው እርሷ ናት። አኮ መኖዬ በሌሎች አፍ ተተርታ ቀረች፤ እዚህ ግን ሴት ራሷ ብዕር ያዘች። አንቱታውን ረሳነው፤ ይቅርታ።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተተርጕሞ አለቀ፤ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በፊተኛው ገጽ የተርጓሚነቱ ክብር የኦኔሲሞስ ነው። ከዚያ በኋላ የጻፉትም ብዙዎቹ ይህንኑ ተከትለው የአስቴርን ድርሻ በረዳትነት አሳንሰው አለፉት። እኛ ኦኔሲሞስን ልናሳንስ አልተነሣንም፤ ያን ያህል ዘመን የደከሙ ሰው ናቸው። ነገር ግን መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀ፣ ቃሉን የመረጠ፣ አባባሉን ያቀና ሰው ረዳት ተብሎ የሚታለፍ ከሆነ፣ የቦሬዋ ጨው ሻጭ ሦስት ቋንቋ ማወቋ ለምን እንደማይቈጠር ምክንያቱን አገኘነው። ወንድ ሲያውቀው ሊቅነት የሚባለው፣ ሴት ስታውቀው እንዲያው ከቤት የመጣ ነገር ይመስላል። ከክበባችን ወንዶች አንዱ በዚህ ፍርድ አልተስማማም፤ የዘመኑ ልማድ ነው እንጂ ክፋት የለበትም ባይ ነው። ቃሉን በመጽሔቱ እንድናሰፍርለት ስለ ለመነን እነሆ አስፍረናል።

በ1904 የረጅም ዘመን ምኞት ተፈጸመ፤ አስቴር፣ ኦኔሲሞስና ሌሎች የኦሮሞ ባልንጀሮቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሣ ሞረዳ) በደስታ ተቀበሏቸው። አስቴር በነቀምቴ አስተማሪ ሆኑ። ከሊሙ ተነድተው ከወጡ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ የገቡትም ወደ ተወለዱበት ሳይሆን ወደ ሌላ የኦሮሞ አገር ነው። ቋንቋው የራሳቸው፣ አገሩ ግን አዲስ፤ ከባሕር ማዶ የተማሩ፣ የባዕድ ሃይማኖት ይዘው መጡ የሚባሉ ሰው። መመለስ ማለት ሁልጊዜ ወደ ወጡበት በር መግባት አይደለም።

ችግሩም ወዲያው መጣ። ኦኔሲሞስ በ1906 ተከስሰው በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲሰደዱ ተፈርዶባቸው ሳለ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው፣ ሳይሰብኩ በነቀምቴ እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። ስብከቱ ሲታገድ ማስተማሩ ቀጠለ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ለእምነቱ ፈቃድ ሰጡ። ኦኔሲሞስ በ1931 ዐረፉ፤ አስቴር ግን ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ።

እነዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመታት ያስተክዙናል። የኢጣልያ ወረራ መጥቶ ሄደ። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ዐዋጅ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ ኦሮምኛ ከትምህርት ገበታ ተገፋ። ልጆችን በቋንቋቸው ማንበብ ለማስተማር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ካዘጋጁት አንዷ የሆኑት አሮጊት በሕይወት እያሉ መጽሐፋቸው ቦታ አጣ። በ1964 ዘጠናን ባለፈ ዕድሜ ሲያርፉ ቋንቋቸው ገና በትምህርት ቤት አልተመለሰም ነበር። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በ1991 ሲወሰንና ትምህርት ሲጀመርበት እርሳቸው ካረፉ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከዚህ የተነሣ እንግዳ ነገር ገጠመን። ከ1894ቱ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች በቅጂ አግኝተን ልናነብ ተቀመጥን። በቁቤ የተማሩት የቦሬ ልጆች ቋንቋውን ቢያውቁም ፊደሉ በእንዲህ ያለው ጽሑፍ እየተሰናከለ አስቸገራቸው። በአማርኛ የተማርነው ፊደሉን ብናነበውም ትርጕሙ አልገባንም። ስለዚህ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ጥቂት ትቈይና ትስቃለች። እንደዚህ እየተጋገዝን ሦስት ማታ ፈጀን። ብቻውን አንብቦ የተረዳ ከመካከላችን አልነበረም።

ያቺ አስተርጓሚ የነበረችው እኅታችን በዕረፍት ጊዜ ገጾቹን ይዛ ወደ ቦሬ ሄደች። ለአያቷም ምድጃ ዳር አነበበችላቸው። እነዚህን ሁሉ የሰበሰበች አንዲት ሴት ናት ብላ ስትነግራቸው፣ ሴት ለማለት በትምህርት ቤት የለመደችውን ዱበርቲ የሚለውን ቃል ተጠቀመች። አያትየው ስለ ዘፈኑ ምንም ሳይናገሩ መጀመሪያ ቃሉን አረሟት፤ በእኛ አገር እንዲህ አይባልም አሏት። እኅታችን ስትመለስ ከገጹ ዳር ልትጽፈው ፈልጋ ፊደሉ እንዴት እንደሚጣል ጠየቀችን። ደ ጽፈን ምልክቱን ጨምረን አሳየናት፤ እርሷም በእርሳስ ነዼን ብላ ጻፈች።